አልበሙን የወደዱት ሴትዮ

ድምፃዊያችንን በደንብ የማውቀው በጀርባው ነው። ሊድ ጊታር ተጫዋች ነኝ፤ መድረክ ላይ ቦታዬ ከኋላው በስተቀኝ ነበር። ሌላው ሰው ፊቱን ሲያይ እኔ ማጅራቱን አይ ነበር። ላቡ ከየት ጀምሮ ሸሚዙን እንደሚያረጥብ፣ ከፍ ያለ ድምፅ ሊያወጣ ሲል ትከሻው እንዴት እንደሚነሳ፣ ቆንጆ ሴት ፊት ለፊቱ ስትቀመጥ እንዴት እንደሚንጠራራ ከሚስቱ የበለጠ አውቃለሁ። ስለ እሱ የምናገረው ደግ ነገር ትንሽ ነው። ደግ ነገር የሚፈልግ ሚስቱን ይጠይቅ።

ባንዳችን የአዳማ ሮክ ባንድ ነው። ይህን ስል የሚስቁ ሰዎች አሉ፤ ይሳቁ። አዳማ ውስጥ ሮክ የሚወድ ሰው ቢሰበሰብ አንድ ሚኒባስ አይሞላም እያለ ድራም ተጫዋቻችን ራሱ ይቀልዳል። ቢሆንም ቅዳሜና እሁድ ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ያለ አንድ ሪዞርት ውስጥ እንጫወት ነበር። ከአዲስ አበባ የሚመጡ ወጣቶችና ለሽርሽር የሚወርዱ የመሥሪያ ቤት ሰዎች አሸዋው ላይ ይጨፍሩልናል። ድሮ በክራር የሚዘፈነውን በኤሌክትሪክ ጊታር ቀጥቅጠን ስናቀርበው ጡረተኛ ሁሉ ከወንበሩ ይነሳ ነበር። ደስ የሚል ሥራ ነበር፤ አሁንም ነው።

አንድ እሁድ ከላንጋኖ ስንመለስ ሹፌራችን ቡልቡላ ላይ ቲማቲም ሊገዛ ቆመ። ድምፃዊያችን የነገረን እዚያ ነው። ሁላችንም ሚኒባሱን ተደግፈን ቆመን ሳለ ጉሮሮውን ጠራረገና «ከባንዱ ወጥቻለሁ» አለ። ቤዝ ተጫዋቹ ቀልድ መስሎት ሳቀ።

«የራሴን አልበም ልሠራ ነው። እንዳትቀየሙኝ። እናንተ ጎበዞች ናችሁ፤ ግን ጩኸታችሁ ድምፄን ዋጠው። ሰው እስከ ዛሬ የኔን ድምፅ አልሰማም። አንዴ ለብቻው ይስሙትና ይፍረዱ።»

«ባይወዱትስ?» አልኩት።

«ባይወዱትማ አለቀልኝ። ከድምፄ ሌላ ምን አለኝ?» አለ።

እውነቱን ነው፤ ሌላ ምንም አልነበረውም። እኔ ሞባይል እጠግናለሁ፤ ድራም ተጫዋቹ አስተማሪ ነው፤ ቤዝ ተጫዋቹ የአባቱ ሱቅ አለለት። እሱ ግን ትምህርቱንም ለዘፈን ብሎ ነው የተወው። መድረክ ላይ ካልቆመ ምን እንደሚሆን እሱም አያውቅም፣ እኛም አናውቅም። እኔ በልቤ እንዲወድቅ ተመኘሁ። ይህን የምለው ንስሐ ለመግባት አይደለም፤ ያኔ የተመኘሁትን ዛሬም ቢሆን እመኘዋለሁ። ጩኸት ያለው የኔን ጊታር ነው።

እሱ ከወጣ በኋላ የሚዘፍን ሰው ስላጣን እኔ ጀመርኩ። ድምፄ ይህን ያህል አይደለም፤ ከሰው ግን ማንንም ቅር አላለውም። የሚጨፍር ሰው ድምፅ አይመረምርም።

አልበሙ ሲወጣ ሱቄን ዘግቼ ብቻዬን ሰማሁት። ክፉ አልበም ቢሆን ደስ ባለኝ ነበር፤ አልነበረም። ያናደደኝም ይኸው ነው። ዘፈኖቹ ሁሉ ዝግ ያሉና የሚተክዙ ናቸው፤ አንዱን ከሌላው ለመለየት ግጥሙን መከታተል ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ዘፈን ግን ሌላ ነበር። ምንም መሣሪያ ሳይገባ ድምፁን ብቻ ይዞ፣ ያለ ቃል፣ ለረጅም ጊዜ ያንጎራጉራል። እዚያ ላይ እጄ ላይ የነበረውን ስልክ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ነው የሰማሁት። ጊታሩ ሲገባ ተናደድኩ፤ የገባው ጊታር የኔ ስላልሆነም ጭምር።

የምረቃው ዕለት አዳማ ውስጥ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ዘመድ አዝማድ ተጠርቶ ነበር። እኛንም ጠራን፤ ሄድን፤ ከኋላ ተቀመጥን። ሕዝቡ ትከሻውን አዘጋጅቶ ፈጣኑን ዘፈን ጠበቀ። አንዱ ሲያልቅ ቀጣዩ ይሆናል ብሎ ጠበቀ። ያም አልቆ ሌላው ሲመጣ ሰዉ አንገቱን እየደፋ ስልኩን መነካካት ጀመረ። የሚስቱ አጎት ከፊት ወንበር ላይ ሆነው ጎረቤታቸውን «ዘፈኑ የሚጀመረው ስንት ሰዓት ነው?» ብለው ሲጠይቁ አዳራሹ በሙሉ ሰማ። ድራም ተጫዋቻችን ሳቁን ለማፈን አፉን በእጁ ያዘ። እኔ አላፈንኩም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ውርጅብኝ ነው። ዩቲዩብ ላይ «ይህን እየሰማችሁ ሽንኩርት የምትልጡ ላይክ አድርጉ» ብሎ አንዱ ጻፈ፤ ከዘፈኑ ይልቅ እሱ ብዙ ላይክ አገኘ። ሌላዋ «ለካ ባንዱ የሚጮኸው ለእኛ አዝኖ ነው» አለች። እሷን ባገኛት ምሳ እጋብዛት ነበር። የባጃጅ ሹፌሮች አንድ ቀን ሞክረው ተዉት። ደንበኛዬ የሆነ አንድ ሹፌር «ከፍቼው ተሳፋሪዬ መንገድ ላይ ወረደ፤ ለቅሶ ከሄድኩ ብቻዬን ልሂድ አለኝ» ብሎ ነገረኝ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ የከተማችን ኤፍ ኤም ስለ አልበሙ ውይይት አዘጋጀ። ድምፃዊያችን ስቱዲዮ ገብቷል፤ ከአዲስ አበባ አንድ የሙዚቃ ሀያሲ በስልክ ቀርቧል። ሱቄ ውስጥ ሬዲዮውን ከፍ አድርጌ ስልክ ሊያሠሩ የመጡትን ሁሉ ሰብስቤ ሰማሁ። ሀያሲው ቋንቋው ለስላሳ ነው፤ አፈር ድሜ ያበላው ግን በዚያው ለስላሳ ቋንቋ ነው።

«ወጣቱ ብቻውን መውጣቱ ድፍረት ነው፤ ድፍረቱን አደንቃለሁ» አለ። «ችግሩ አልበሙን ስሰማ ባንዱ ናፈቀኝ። ባንዱን ደግሞ ሰምቼው አላውቅም።»

ጋዜጠኛው ሳቀ። ከድምፃዊያችን በኩል የመጣው የወረቀት ኮሽታ ብቻ ነው።

«በእርስዎ እምነት ዋናው ጉድለት ምንድን ነው?» አለ ጋዜጠኛው።

«ድምፁ ጉድለት የለውም። ግን አድማጩን ምን እንዲያደርግ እንደሚፈልግ አያውቅም። እንዲጨፍር ነው? እንዲተኛ ነው? ይህ ድምፅ ምን እንደሚሠራበት ማንም ያልነገረው ዕቃ ነው።»

ከዚያ የአድማጭ ስልክ ተከፈተ። የመጀመሪያው ደዋይ ለፍቅረኛው የሌላ ሰው ዘፈን መርጦ ሄደ። ሁለተኛው ባጃጅ ነጂ ነበር፤ እሱን ተዉት። ሦስተኛዋ አንዲት አሮጊት ናቸው።

«አካም ጅርቱ ልጆቼ፣ እንደምን አደራችሁ» አሉ። «ያ ዘፋኙ ልጅ እዚያ አለ?»

«አለሁ እናቴ» አለ ድምፃዊያችን።

«የኔ ልጅ፣ ባለቤቴ ከሞቱ ጀምሮ እንባዬ ደርቆ ነበር። አልቅሺ ይሉኛል፣ ካልወጣልሽ ያምሻል ይሉኛል፤ እምቢ አለኝ። በቀደም የልጅ ልጄ ያንን መጀመሪያ ላይ ያለውን እንጉርጉሮህን በስልኳ ስታሰማኝ ግን ዋይ ብዬ ወጣልኝ። ጎረቤቱ ሌላ ሰው የሞተብኝ መስሎት ሮጦ መጣ። አፍህ ይባረክ። እነዚህ ሰዎች የሚሉህን አትስማ፤ ድምፅህ ምን እንደሚሠራ አይታወቅም ያለህን ሰውዬ ተወው፣ ምን እንደሚሠራ እኔ አውቃለሁ።»

ድምፃዊያችን «እናቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እርስዎ ገብቶዎታል» ለማለት ሞክሮ ድምፁ ተቆራረጠበት። ሱቄ ውስጥ አንዷ ሴት ዓይኗን ጠረገች። እኔ ሬዲዮውን ዘጋሁ። ያን ሁሉ ስድብ የአንዲት ባልቴት እንባ ሊያጥበው ነው ብዬ ተበሳጨሁ። በከንቱ ነው የተበሳጨሁት፤ ሀያሲው ያልቻለውን የሚፈጽሙት እሳቸው ነበሩ።

ሴትዮዋ የሰፈራቸው እድር ኮሚቴ አባል ናቸው። እድሩ ትልቅ ነው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አለበት። ሰው ሲሞት ጡሩምባ እየነፉ በየመንደሩ የሚዞሩት ሽማግሌ ጉልበታቸው ደክሞ በዚያ ሰሞን ሥራውን ተዉ። የሚተካቸው ስለጠፋ ኮሚቴው ሞንታርቦ ገዝቶ ባጃጅ ላይ አሰረና ሹፌሩ በማይክ እንዲጠራ አደረገ። ግን አዳማ ውስጥ በሞንታርቦ የሚዞር ነገር ሁሉ ድንች ሻጭ ነው። ሹፌሩ የሟችን ስም ሲጠራ ሰው ከቤቱ ንቅንቅ አላለም። አንዲት እናት ፌስታል ይዘው ወጥተው «ኪሎው ስንት ነው?» ብለው ጠየቁት ይባላል፤ የሞተችው ግን ጎረቤታቸው ነበረች። ቀብሩ ላይ የተገኘው ሰው ማነስ አሳፋሪ ሆነ፤ የሟች ልጆችም እድሩን ተቀየሙ።

እንግዲህ ኮሚቴው ተሰብስቦ፣ ሹፌሩ ስም ከመጥራቱ በፊት ሰው ሐዘን መሆኑን የሚያውቅበት አንድ ድምፅ ያስፈልጋል ሲል፣ ሴትዮዋ የልጅ ልጃቸውን ስልክ ይዘው ተነሱ። እንጉርጉሮውን አሰሟቸው። ሽማግሌዎቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። በኮሚቴው ውስጥ ያሉ አንድ የወሎ ሙስሊም ነጋዴ «በእኛ ሰው ሐዘን ሙዚቃ አይሆንም፤ መሣሪያው ይቆረጥ፣ ድምፁ ብቻ ከሆነ ግን ችግር የለውም» አሉ። በዚሁ ተስማሙና ጋቢያቸውን ለብሰው ድምፃዊያችን ቤት ሄዱ።

ይህን ሁሉ የነገረኝ ራሱ ነው። መንገድ ላይ አግኝቶኝ፣ ሳልጠይቀው፣ ፊቱ በርቶ።

«ሽማግሌ ነው የላኩብኝ፣ ታምናለህ? ቤቴ ድረስ መጥተው፣ ልጃችን፣ ድምፅህን ለሙታናችን ስጠን አሉኝ። ለየትኛው ዘፋኝ ነው እንዲህ የተባለለት? መርቀውኝ ሄዱ። መሣሪያውንም ቆርጠው ድምፄን ብቻ ነው የወሰዱት።»

«እንኳን ደስ ያለህ» አልኩት። ከልቤ ነው ያልኩት፤ ምን እንደሚመጣ ከእሱ በፊት ታይቶኝ ነበር።

መጀመሪያ የሰማሁት ሱቄን ስከፍት ነው። ያ ድምፅ ከአስፋልቱ ማዶ፣ በሞንታርቦ ተለቅ ብሎ፣ ቀስ እያለ መጣ። ፊት ለፊቴ ያለችው ሻይ ሻጭ ብርጭቆውን እንደያዘች ቆማ ነጠላዋን ገልብጣ ለበሰች። የባጃጁ ሹፌር እንጉርጉሮው ሲያልቅ ስም ጠራ፣ የቀብሩን ሰዓት ተናገረና አለፈ። ያን ዕለት ቀብሩ ላይ የሰው ብዛት ለጉድ ነበር አሉ። እኔ ሱቄ ውስጥ ገብቼ ብቻዬን ሳቅሁ።

ነገሩ እንደ ወረርሽኝ ተዛመተ። ሌሎች እድሮች እንጉርጉሮውን በቴሌግራም ተቀባበሉት፤ ወለንጪቲ ድረስ ደረሰ። አልበሙን ሰምቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ድምፁን አወቀው። ሰው ያን ድምፅ ሲሰማ ልቡ ይወድቃል፤ የኔ ወገን ይሆን እያለ ይጸልያል፤ የሌላ ሰው ስም ሲጠራ ተመስገን ብሎ ይገባል። ኤፍ ኤሙ ዘፈኑን አንድ ጊዜ ቢያሰማ ሰዎች እየደወሉ ተቆጡ፤ አንድ የስኳር በሽተኛ አባት ራሳቸውን ስተዋል ተባለ፤ ከዚያ በኋላ ጣቢያው አልነካውም። ሠርግ ላይ እንዲዘፍን ተነጋግረው የነበሩ ሰዎች የሙሽራዋን እናት ልከው፣ እንዳይቀየም ለምነው፣ ተዉት። መንገድ ላይ ለአንድ ሰው ሰላምታ ሲሰጥ ሰውየው ድምፁን ሰምቶ አማተበ።

ያኔ ነገሩ ለድምፃዊያችን ገባው። ወደ እድሩ ሄዶ ድምፄን መልሱልኝ አለ። ሽማግሌዎቹ በጣም አዘኑለት፤ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። «ልጄ፣ መርቀን የተቀበልነውን እንዴት እንመልሳለን? ሙታናችን ተመልሰው እንደ ድንች ይጠሩ?» አሉት። ሴትዮዋ ደግሞ እጁን ይዘው አጽናኑት።

«ምን ከፋህ? ከተማው በሙሉ በአንተ ድምፅ አይደል የሚያለቅሰው? እኔም ቀኔ ሲደርስ በአንተ ድምፅ ነው የምጠራው፤ ይህን ሳስብ ሞት ራሱ አያስፈራኝም።»

እኚህን ሴትዮ እሱ ሊሰድባቸው አልቻለም። እግራቸውን ስሞ ወጣ።

ከዚያ ዓይኑን በጨው አጥቦ ሱቄ መጣ። ከስቷል። የሚጠገን ስልክ የያዘ ይመስል ባንኮኒው ላይ ተደገፈ።

«አንድ እሁድ ብቻ» አለኝ። «ላንጋኖ። እዚያ የሚመጣው የአዲስ አበባ ሰው ነው፤ ባጃጁን አያውቁትም። ልዝፈንና ልየው። እዚያም ካልሆነ እተዋለሁ፣ ማይክም ሁለተኛ አልነካም።»

«ጩኸታችን አይረብሽህም?» አልኩት።

«የፈለጋችሁትን ያህል ጩኹ» አለ።

ይህን ከአፉ ስሰማ ደስ አለኝ። እሺ ያልኩትም ስለዚህ ነው፤ አዝኜለት አይደለም። ድራም ተጫዋቹ ግን አዝኖለታል፤ ልብሱን ሳይቀር አዋሰው።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ፀሐዩ ለስለስ ብሏል፣ አሸዋው ላይ ወንበር ሞልቷል። አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሱ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ከነልጆቻቸው ሰፊ ጠረጴዛ ይዘው ይበላሉ፤ ከየት እንደመጡ አላወቅንም፣ አልጠየቅንምም። ድምፃዊያችን ወደ ፊት ወጣ። የሚዘፍነው ያንኑ የድሮውን ፈጣን ዘፈናችንን ነው። ማይኩን ለመሞከር ያህል ግን ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ አንጎራጎረ። የዘፋኝ ልማድ ነው፤ ሁሌም ያደርገው ነበር።

ከሰፊው ጠረጴዛ አንዲት ሴት ሹካዋን ጥላ ብድግ አለች። ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። «ማነው? የማን ነው?» አለች። ከአዳማ መሆናቸው የገባኝ ያኔ ነው። ድራሙ ጀምሮ ስለነበር እኛም ገባንበት፤ ሌላ ምን እናደርጋለን? ሰዎቹ አንድ በአንድ ተነሱ፤ ስልካቸውን አወጡ። ሐይቁ ዳር ኔትወርክ ደካማ ስለሆነ መስመር ለመፈለግ ሁሉም ስልኩን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ወደ መድረኩ ቀረበ፤ ከፍታው ላይ ያለነው እኛ ነንና።

እሱ ዓይኑን ሲገልጥ ያየው ይህንን ነው። የቆመ ሕዝብ፣ ወደ እሱ የተዘረጋ ስልክ። የሚቀርጹት መሰለው። ድምፁ ሲለወጥ ሰማሁት። ያን ያህል ዓመት አብሬው ስጫወት እንደዚያ ዘፍኖ አያውቅም፤ ጊታሬን ጥሶ ወጣ፣ ደስታው ያስፈራ ነበር። አንዱ ሰውዬ መስመር አግኝቶ ጆሮውን በጣቱ ደፍኖ «እማዬ ደህና ናት ወይ?» እያለ ሲጮህ፣ እሱ አብሮት የሚዘፍን መስሎት እጁን ወደ እሱ ዘረጋለት። በዚያች ቅጽበት ልቤ ታመመ፤ አልዋሽም። ግን መጫወቴን አላቆምኩም።

ዘፈኑ አለቀ። ማንም አላጨበጨበም። ሰዎቹ ስልካቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ፤ አንዳንዶቹ ተቃቅፈው ሳቁ። ያቺ ሴት ጫማዋን በእጇ ይዛ አሸዋውን አቋርጣ መጣችና ክንዱን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ወንድሜ፣ ደወልን» አለችው፤ ፊቷ ገና እንባ ነው። «የሁሉም ቤት ሰላም ነው፤ ማንም አልሞተም። ተመስገን። በናትህ፣ ልጆች ይዘን ነው የመጣነው፣ ከእንግዲህ አትዝፈን።»

«እሺ እህቴ» አለ።

ማይኩን ማቆሚያው ላይ በጥንቃቄ መለሰና በደረጃው ወርዶ ወደ መኪናዎቹ ሄደ። ድራም ተጫዋቹ አየኝ። ወደ ፊት ወጣሁና ያንኑ ፈጣን ዘፈን ከመጀመሪያው ጀመርነው። ያቺ ሴት ጫማዋን አሸዋው ላይ ጥላ ከሁሉም ቀድማ መጨፈር ጀመረች።